አንድ ትርፍ ዓይን

«የአዋሽ ማዶ ቤት» የተቆረጠው ኅዳር ስምንት ቀን፣ ሰኞ፣ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ ነው። በዚያች ቅጽበት ቆጣሪው አንድ መቶ አሥራ ዘጠኝ ያሳይ ነበር። አንድ ድራማ እንዲቀጥል የሚያስፈልገው አንድ መቶ ሃያ ተመልካች ነው።

በሳይታችን ድራማ ሲቆረጥ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በዚያ ዓመት ብቻ አምስት ተቆርጠውብናል። በአንዱ ሐኪሙ መቀሱን እንዳነሣ ቀርቷል። በሌላው አንዲት ሴት በር ከፍታ «አንተ ነህ?» ትላለች፤ በሩ ላይ ማን እንደቆመ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ወደ ድራማ ማዕከሉ ደውለን ስንጠይቅ እነሱም እንደማያውቁ ነገሩን። እውነታቸውን ነው። ቀጣዩ ትዕይንት የሚሠራው እኛ እያየነው ነው፤ የሚያይ ከሌለ የሚሠራ ነገር የለም።

ስለዚህ በወንፈል እናያለን። ቃሉን ከአያታቸው እርሻ ያመጡልን ጋሽ ደግፌ ናቸው። ድሮ ገበሬው የጎረቤቱን ማሳ አርሞለት ጎረቤቱ ደግሞ በተራው የእሱን እንደሚያርምለት፣ እኛም ማክሰኞ የብሎክ አሥራ ሁለትን፣ ሐሙስ የብሎክ ሠላሳን፣ ሰኞ የራሳችንን የብሎክ አርባ አንድን ድራማ አብረን እናያለን። ከሥራ የተመለሰ ሰው ፊቱን ታጥቦ፣ ዓይኑ ውስጥ ጠብታ አድርጎ ወደ ኮሚናሉ አዳራሽ ይወርዳል። ቆጣሪው ከስክሪኑ በላይ ተተክሏል። ማንቀላፋት አይቆጠርም። ወደ ጎን ማየት አይቆጠርም። እንባ ይቆጠራል፤ ዓይን ግን መከደን የለበትም። የእያንዳንዱን ሰው ተራ በግድግዳው ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ። ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ነው እንጂ በአዳራሹ ውስጥ ድምፄን የሰማ ሰው ጥቂት ነው። ቀን ቀን ጣሪያ ላይ ወጥቼ የፀሐይ ሰሌዳዎቹን እጠርጋለሁ። እዚያ ከደብረ ብርሃን ነፋስ በቀር የሚያናግረኝ የለም።

እትዬ ጥሩወርቅ ልጃቸውን የሚያዩት ሰኞ ሰኞ ነበር።

ምንተስኖት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ መልኩን ለማዕከሉ አስመዘገበ። ያኔ ብዙ ወጣት ያስመዘግብ ነበር። በሃያ አራት ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ። መልኩ ግን በ«የአዋሽ ማዶ ቤት» ውስጥ ናሆም በሚባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስም መኖሩን ቀጠለ። እትዬ ጥሩወርቅ ሁልጊዜ ከፊተኛው ረድፍ ይቀመጡና ድራማውን ያርሙታል። «ምንተስኖት እንዲህ አይቆምም፤ እግሩን ያንፈራጥጣል» ይላሉ። ወይም «ይሄን ሹራብ ማን አለበሰው? ቆዳውን ያሳክከዋል» ይላሉ። ማንም አይስቅባቸውም። በውሉ መሠረት መልኩ የሚሠራው በዚህ ድራማ ብቻ ነው። ድራማው ከጠፋ መልኩም አብሮ ይጠፋል።

እኔና ምንተስኖት ያደግነው በአንድ ደረጃ ላይ ነው። እሱ ሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ሱቅ ስላክ የምፈልገውን አፌን አውጥቼ መጠየቅ ስለማልችል የሚጠይቅልኝ እሱ ነበር። «ሁለት ሻማ ስጠው፤ እሱ ሲያፍር ነው» ይል ነበር።

እሑድ እሑድ በየክፍላችን ያለው ስክሪን አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «በሚቀጥለው ምን ይጨመር?» ምርጫዎቹ ሳቅ፣ ጠብ፣ ዕርቅ እና ፍቅር ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዕርቅ ስመርጥ ኖሬአለሁ። በጥቅምት መጨረሻ ግን የተመልካቹ ቁጥር ከመቶ አርባ ወደ መቶ ሠላሳ ወረደና ሰው ሁሉ ሰጋ። ናሆምና ርብቃ የምትባለው ልጅ ለአራት ወር አንድ ግቢ ውስጥ ሲተላለፉ አይተናል። እኔም ክፍሌን ቆለፍኩ፤ በስክሪኑ ላይ ያለችውን የካሜራ ቀዳዳ በግራ እጄ ሸፈንኩ፤ በቀኝ እጄ ፍቅር የሚለውን ነካሁ። ድራማውን ለማዳን ነው ብዬ ነበር። ለድራማው ብቻ እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ። ሰው ሰውን ሲወድ እንዴት እንደሚጀምር ማየት እፈልግ ነበር። ማንን መጠየቅ እችላለሁ?

ኅዳር ስምንት ቀን አንድ መቶ ሠላሳ ሦስት ሰው ተመዝግቦ ገባ። ናሆም የርብቃ አባት በሕይወት እንዳለና የት እንደተደበቀ ያውቃል፤ አልነገራትም። በዚያን ቀን ከውሃ ታንከሩ አጠገብ አገኛት። መብራት ጠፋ። «የምነግርሽ ነገር አለ» አላት። ቀረባት። ሙዚቃው ለዘበ። እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ ፊቱን ወደ ፊቷ ዝቅ ማድረግ ጀመረ።

አዳራሹ ውስጥ አባቶችና ሴት ልጆቻቸው፣ አማቾችና ምራቶች፣ የነፍስ አባትና የነፍስ ልጆች አብረው ተቀምጠዋል። በቀኜ የምንተስኖት እናት አሉ። ምን ሊመጣ እንደሆነ ሁላችንም ገባን። እኔም ማን እንዳመጣው ገባኝ። ፊቴ ጋለ። ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየኝ መሰለኝ። አቀረቀርኩ።

ሙዚቃው ቀጥ አለ። ቀና ስል ስክሪኑ ጠቁሯል፤ በላዩ ላይ 119 የሚል ቁጥር ቆሟል።

«ማነው?» አሉ ጋሽ ደግፌ ብድግ ብለው። «ማነው ያቀረቀረው?»

«እኔ እያየሁ ነበር» አለ አንዱ ከኋላ። «እኔም።» «እኔ ዓይኔን አልነቀልኩም።» እንዲህ እያለ ረድፉን ሁሉ ዞረ።

«ይገርማል» አለች ሰናይት። ሰናይት ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር የአውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ነገር አታልፍም። «ሁሉም ሲያይ ከነበረ አሥራ አራቱ ያቀረቀሩት ከየት መጡ? ከውጭ ገብተው፣ አቀርቅረው፣ ተመልሰው ወጡ? እርስዎስ ጋሼ?»

«እኔማ የጫማዬ ማሰሪያ ተፈቶብኝ...»

«ጋሼ፣ ያደረጉት ነጠላ ጫማ እኮ ነው።»

የሳቀው ሰው ትንሽ ነው። ወዲያው ሌላ ክርክር ተነሣ። ሲያዩ ከነበሩት ውስጥ ግማሾቹ ናሆም ሊስማት ነበር አሉ። ግማሾቹ ደግሞ ፊቱ ያመራው ወደ ጆሮዋ ነው፣ ስለ አባቷ ሊነግራት ነበር እንጂ መሳም የሚባል ነገር አልነበረም አሉ። ያቀረቀርነው በከንቱ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከአሥራ አራታችን አንዳችን ብቻ ቀና ብንል ኖሮ ይበቃ ነበር። ይህን ሒሳብ በዚያ ሳምንት ስንት ጊዜ እንደሠራሁት አላውቅም።

እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ማዕከሉ ለተቆረጠ ድራማ ሁሉ አንድ ዳግም እይታ ይፈቅዳል። በሳምንቱ፣ በዚያው ሰዓት፣ የመጨረሻው ትዕይንት ከመነሻው ይከፈታል። ማየት የሚፈቀድላቸው በተቆረጠበት ቀን የተመዘገቡት ሰዎች ብቻ ናቸው። ትዕይንቱ እስኪያልቅ ቁጥሩ ከመቶ ሃያ ካልወረደ ድራማው ይቀጥላል። ከወረደ ለዘለዓለም ይጠፋል።

ሐሙስ ዕለት ጋሽ ደግፌ ለልምምድ ጠሩን። ሰናይትና ባሏ ታምራት ከፊታችን እንዲቆሙና ታምራት እንዲስማት፣ እኛም ሳናቀረቅር እንድናይ ተወሰነ። ታምራት አንገቱን ቀልሶ ጉንጯን ሳም አደረጋት። መቶ ምናምን ሰው ወለሉን አየ።

«ኧረ በማርያም!» አለች ሰናይት። «ጉንጬን ነው እኮ! ባሌ ነው እኮ! በሥርዓት ነው ያገባኝ፣ ሠርጌን በልታችኋል!»

«ድገሙት» አሉ ጋሽ ደግፌ፤ ዓይናቸው ገና ወለሉ ላይ ነው።

ስድስት ጊዜ ደገሙት። በስድስተኛው ብዙዎቻችን ቀና ብለን ቀረን፤ ግን ሲያዩን ድንጋይ እንጂ ሰው አንመስልም ነበር። ከዚያ አንድ አዛውንት፣ የሚከብደው ስክሪኑን ማየቱ ሳይሆን ሲያዩ መታየቱ ነው አሉ። ስክሪኑ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ስለሆነ አይጋረድም፤ ስለዚህ በረድፎቹና በወንበሮቹ መካከል አንሶላ እንዲወጠር ተስማማን። ማስታወቂያውን እኔ ጻፍኩት፤ «እያንዳንዱ አባወራ አንድ አንሶላ ይዞ ይምጣ።»

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከጣሪያ ወርጄ እጄን ታጠብኩና የእትዬ ጥሩወርቅን በር አንኳኳሁ። ከዚያ በፊት ሦስት ቀን እስከ በሩ ደርሼ ተመልሻለሁ።

ሁለት ሴቶች እየወጡ ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

«ዳግመኛ እንዲህ ሆናችሁ እንዳትመጡብኝ» ይሏቸዋል እትዬ ጥሩወርቅ ከውስጥ። «ለቅሶዬን ከሦስት ዓመት በፊት ጨርሻለሁ። ማነው እሱ? ይታገሱ ነህ? ግባ፤ በር ላይ ቆመህ ብርድ አታስገባብኝ።»

ገባሁ። የስፌት መኪናቸው ላይ አንድ አንሶላ ተዘርግቶ ጫፉን እየዘመዘሙ ነበር። ለሰኞ የሚሆን ነው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው።»

«እሺ።»

«ያን ዕለት... እኔ አቀርቅሬ ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ መርፌውን ሳያነሡ።

«ማን ነገረዎት?»

«የጫማህ ማሰሪያ የግራው ጥቁር ነው፣ የቀኙ ቡኒ። ያን ዕለት ነው ያየሁት።»

ወደ እግሬ አየሁ። እውነታቸውን ነው። ምን እንዳሉኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የጫማዬን ማሰሪያ ለማየት እሳቸውስ ወዴት እያዩ ነበር?

«ታዲያ ለሰው አልተናገሩም?»

«አንተስ ተናገርክ?»

መሄድ እችል ነበር። ግማሹን ተናግሬ ግማሹን ይዤ መውጣት ግን በሩን ከማንኳኳት የባሰ ከበደኝ። «ሌላም አለ» አልኩ። «ፍቅር ይጨመር ያልኩት እኔ ነኝ። ተደብቄ። እኔ ባልመርጥ ያ ትዕይንት አይመጣም ነበር። ምንተስኖት አይቆረጥም ነበር።»

የስፌት መኪናው ቆመ። እትዬ ጥሩወርቅ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መልሰውም አላደረጉትም።

«እኔም ፍቅር ነው ያልኩት» አሉ። «ለሦስት እሑድ። ልጄ ሳያገባ ነው የሄደው፤ አንተም ታውቃለህ። እዚያ እንኳ ይሁንለት ብዬ ነው።»

«ታዲያ ሲመጣ ለምን አላዩም?»

«እናቱ ነኝ እኮ! አንተ እናትህ ፊት ትስማለህ?»

«እኔ... ማንንም ስሜ አላውቅም።»

ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። እትዬ ጥሩወርቅ ሳቁ። በሳምንቱ ውስጥ በዚያ ብሎክ ውስጥ ሰው ከልቡ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉና «ሰኞ አጠገቤ ትቀመጣለህ» አሉኝ። «በእኔና በአንተ መካከል አንሶላ አይኖርም። ጥፋታችን አንድ ነው።»

ሰኞ አዳራሹ የልብስ ማስጫ መስሎ ነበር። ሰው ሁሉ በየአንሶላው መካከል ገብቶ ተቀመጠ፤ የሚታየው ጫማ ብቻ ነው። ከመቶ ሠላሳ ሦስቱ አሥራ ሁለቱ አልመጡም። ሦስቱ ለሥራ ከከተማ ወጥተዋል፤ አንዷ ወልዳለች። የቀሩት ስምንቱ ለምን እንደቀሩ ማንም አልጠየቀም።

ጋሽ ደግፌ በረድፎቹ መካከል እየዞሩ ቆጠሩ። «አንድ መቶ ሃያ አንድ!» ብለው ጮኹ። «አንድ ትርፍ አለን። አንድ ብቻ! የሚያስነጥሰው ካለ አሁኑኑ ያስነጥስ!»

እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ትርፏን እኔ ወስጃታለሁ» አሉኝ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«እስኪቀርባት አያለሁ። ከዚያ በኋላ አቀረቅራለሁ። ይህችን ያህል እንኳ ለብቻው ልተወው። አንተ ግን እይልኝ። ከሳማትም ንገረኝ፤ በጆሮዋ ካወራትም ንገረኝ።»

«እሺ እትዬ።»

«ጠንክረህ እይ።»

«እሺ።»

ትዕይንቱ ተከፈተ። ናሆም ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ርብቃን አገኛት። መብራት ጠፋ። ቆጣሪው 121 ይላል። «የምነግርሽ ነገር አለ» አላት። ቀረባት። ሙዚቃው ለዘበ። እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ። ፊቱ ዝቅ ማለት ጀመረ፤ ቁጥሩ 120 ሆነ። እትዬ ጥሩወርቅ እንዳቀረቀሩ አወቅሁ።

አየሁ። ጠንክሬ አየሁ። ባለፈው ሳምንት ካቆመበት አለፈ። ፊቱ የምንተስኖት ፊት ነበር፤ ሱቅ ውስጥ ስለ እኔ ሊናገር ወደ ባለሱቁ ሲያጎነብስ የማውቀው ያው ፊት። በዚያን ጊዜ አንድ ነገር እጄን ያዘኝ። የእትዬ ጥሩወርቅ እጅ ነው።

አላቀረቀርኩም። ይህን መመስከር እችላለሁ። ወደ ጎን ነው ያየሁት። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ እንደ ሙሽራ እናት ፈገግ ብለው አየኋቸው። ከአንድ ሰከንድ አይበልጥም።

ሙዚቃው ቀጥ አለ።

እሳቸው አልገባቸውም። ሙዚቃው ያቆመው ትዕይንቱ ስላለቀ መስሏቸዋል። ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጄን ጨበጥ አደረጉና «ሳማት?» አሉኝ ቀስ ብለው።

ስክሪኑ ጠቁሮ 119 ይላል። መናገር ነበረብኝ። አላየሁም፣ በእኔ ዓይን ተቆረጠ፣ ምንተስኖት ጠፋ ማለት ነበረብኝ። ዓርብ ዕለት እውነቱን የተናገረ አፍ አሁንም መናገር ነበረበት።

«ሳማት» አልኳቸው።

እትዬ ጥሩወርቅ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ቀና አሉና እልል አሉ። ረጅም፣ የሠርግ እልልታ ነው። ከአንሶላዎቹ ኋላ ሰው ሁሉ ደነገጠ። አንሶላዎቹ አንድ በአንድ ተገለጡ፤ ፊቶች ብቅ ብቅ አሉ።

ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ። ቁጥሩን አዩ። እትዬ ጥሩወርቅ አርባ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ለክተው የቆረጡ ሴት ናቸው፤ ከመቶ ሃያ አንድ የራሳቸውን አንድ ሲቀንሱ ስንት መቅረት እንደነበረበት ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ዞረው አዩኝ። ምን ያህል እንዳዩኝ አላውቅም፤ እኔ የጫማዬን ማሰሪያ ነበር የማየው።

ጋሽ ደግፌ ከወንበራቸው ተነሥተው ነበር። አፋቸውን ከፍተዋል። «ማ...» ሲሉ ሰማሁ።

እትዬ ጥሩወርቅ ሁለተኛ እልል አሉ፤ ከመጀመሪያው በለጠ። ሰናይት ከኋላ ተቀበለቻቸው። ከዚያ ሌሎች ሴቶች ተከተሉ። እልልታው አዳራሹን ሞላው፤ ጋሽ ደግፌም ጥያቄያቸውን ሳይጨርሱ ቁጭ አሉ።

በማግሥቱ ማዕከሉ መልኮቹን ማጥፋቱን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ላከ። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ሰኞ አዲስ ድራማ ጀመረልን፤ ስለ አንድ ሆቴል ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ወንፈላቸውን ለመመለስ ይመጣሉ፤ የሚቀመጡት ግን ከኋላ ነው፤ ድራማውንም አያርሙም። እሑድ እሑድ ስክሪኑ ሲጠይቀኝ ምንም አልመርጥም።

ሰዎች ደረጃ ላይ ያስቆሙኛል። እትዬ ጥሩወርቅ እልልታውን የጀመሩት አጠገቤ ሆነው ስለሆነ እውነቱን የማውቀው እኔ ነኝ ብለው ያስባሉ። «ይታገሱ፣ በእውነት ሳማት እንዴ?» ይሉኛል። «አዎ» እላለሁ። አሁን ሲስማት በዓይናችን በብረቱ አይተናል የሚሉ አሥራ ስምንት ሰዎች አሉ። አንደኛው ጋሽ ደግፌ ናቸው።

እስካሁን ያልጠየቁኝ እትዬ ጥሩወርቅ ብቻ ናቸው።